ጁፒተርን ማን ጣለው?

በየካቲት 2017 ዓ.ም. በወጣችው ገጻችን የመጨረሻ ጥግ፣ ለሣቅ ብለን ካሰፈርናቸው ነገሮች መካከል አንዲት መስመር ነበረች። «ጁፒተርን ከሰማይ ያወረደ እጅ በመካከላችን አለ» ትላለች። የማንን እጅ ማለታችን እንደ ሆነ ሁሉም ያውቅ ስለ ነበር ስም መጥራት አላስፈለገንም። ገጿ በካርቦን እየተገለበጠች ከቤት ወደ ቤት ስትዞር ሣቁም አብሯት ዞረ። ከሳምንት በኋላ ልጁን በስሙ የሚጠራው ከእናቱ በስተቀር ማንም አልነበረም። ውኃ ሊቀዳ ሲወጣ «ጁፒተር መጣ!»፣ ኳስ ሲያመልጠው «ጁፒተር ጣላት!» ይሉት ጀመር።

ያቺን መስመር የጻፍናት እኛ ነን። ዛሬ ልናርማት ብዕር ስናነሣ «ይቅርታ» ብለን ማለፍ እንችል ነበር፤ ነገር ግን እንዲህ ያለው ባዶ ይቅርታ ልጁን በጥፋተኝነቱ ትቶ እኛን ደግ ሰዎች ያስመስለናል። ስለዚህ ነገሩ እንዴት እንደ ነበረ፣ የትኛዋ ብሎን በስንት ሚሊሜትር ምን እንዳደረገች፣ ከመጀመሪያው እንጽፋለን። ቁጥር የሚሰለቸው አንባቢ ትንሽ ይታገሠን።

ቴሌስኮፑ በእጃችን የገባው በ2016 ዓ.ም. ክረምት ነው። በበርበራ ወደብ በኮንቴይነር እየገቡ በሐርጌሳ ገበያ ከሚሸጡት ያገለገሉ ዕቃዎች መካከል፣ በአንድ የስፌት መኪናና በአንድ የተሰበረ ማራገቢያ አጠገብ ተጋድሞ ነበር። ሻጩ የውኃ ማጣሪያ ነው ብሎ ያምን ነበር፤ አጭርና ወፍራም ስለ ሆነ አንፈርድበትም። ቀድሞ በአገር ቤት ፊዚክስ ያስተምሩ የነበሩት መምህራችን ግን ከሩቅ አይተውት ቆሙ። ቀስ ብለው ተጠግተው በአፉ በኩል ወደ ውስጥ ተመለከቱና «ልጆች፣ ኪሳችሁን ዳብሱ» አሉን። ያለችንን አዋጥተን በዛድ ከፈልን። ሻጩ የጎደለንን ጥቂት ዶላር ማረን፤ ማጣሪያው ውኃ ካልወረደው መልሱልኝ ብሎም ሸኘን።

የዚህ ዓይነቱ ቴሌስኮፕ ሽሚት ካሴግሬን ይባላል። የሁለት ሰዎች ስም ነው። ካሴግሬን በ17ኛው ምዕተ ዓመት የነበረ ፈረንሳዊ ሲሆን ሽሚት ደግሞ በ1930 እ.ኤ.አ. ገደማ ስስ ማረሚያ መስታወት የፈለሰፈ ሰው ነው። ብርሃኑ በፊት በኩል በዚያ ስስ መስታወት ይገባና ከታች ያለውን ትልቁን መስተዋት ይመታል፤ ከዚያ ወደ አፉ ተመልሶ ትንሹን መስተዋት ይመታል፤ ትንሹም መልሶ ወደ ታች ይልከውና በትልቁ መስተዋት መካከል ባለው ቀዳዳ ሾልኮ ከጀርባ ይወጣል። የእኛው ትልቁ መስተዋት 127 ሚሊሜትር ስፋት አለው። የትኩረት ርቀቱ 1250 ሚሊሜትር ያህል ቢሆንም ብርሃኑ የሚታጠፈው ክንድ በማትሞላ ቱቦ ውስጥ ነው። ስለዚህ ተመልካቹ ዓይኑን የሚያስጠጋው ከጀርባው ነው፤ ዕቃው ሁሉ የሚታሰረውም እዚያው ነው።

የነገራችን ሥር ያለው በዚህ ጀርባ ላይ ስለ ሆነ ጥቂት እንቆይበት። እንዲህ ያለውን ቴሌስኮፕ ለብዙ ተራ ሰዎች ያደረሰው የካሊፎርኒያው ሴለስትሮን በ1970 እ.ኤ.አ. ያወጣው ባለ 8 ኢንች ነው። በጀርባው ላይ የነበረው ጥርስ ስፋቱ 2 ኢንች ሆኖ በአንድ ኢንች ርዝመት ውስጥ 24 ጥርስ ነበረው፤ ይኸው ልክ ኋላ ሌሎች ሠሪዎችም የሚከተሉት ሆነ። የእኛም ጀርባ ይኸው ጥርስ አለው። በጥርሱ ላይ አንድ ቀለበት ይጠመዘዛል። የቀለበቱ ሌላው ጫፍ እንደ ጩቤ አፎት ባዶ ነው። በአፎቱ ውስጥ መስተዋት ያለበት ዕቃ ይገባል፤ ብርሃኑን ወደ ጎን ስለሚያጥፈው እኛ «ክርኑ» እንለዋለን። በክርኑ ራስ ላይ ደግሞ የዓይን ሌንሱ ይሰካል። የክርኑም የሌንሱም አንገት ስፋት 1.25 ኢንች፣ ማለትም 31.7 ሚሊሜትር ገደማ ነው። የዓይን ሌንሳችን ባለ 25 ሚሊሜትር ነበረ፤ 1250 ለ25 ሲካፈል 50 ስለሚሆን ሰማዩን 50 ጊዜ ያቀርብልናል። የነበረን ሌንስ እርሱ ብቻ ነው።

እንግዲህ ኑዛዜው እዚህ ይጀምራል። ቴሌስኮፑ ሲገዛ ከፋብሪካ አብሮት የወጣው ቀለበት አልነበረውም። ከየት እንደ መጣ የማይታወቅ፣ አንዲት ብሎን ብቻ ያለችው ሌላ ቀለበት ገጥመውበታል። ብሎኗ በጣት የምትጠበቅ ናት፤ ጥርሷም አልቋል። መምህራችን በመጀመሪያው ሌሊት በጣታቸው አዙረዋት «ይህች ነገር እምነት የላትም» ብለውን ነበር። እኛ ምን አደረግን? ናስትሮ ጠቀለልንባት። ከዚያም ጨረቃዋ አማረች፣ ሳተርን ቀለበቱን አሳየን፣ የጎረቤት ልጆችም መምጣት ጀመሩ፤ ብሎኗን ረሳናት። ረሳናት ማለት ደግሞ ፈጽሞ እውነት አይሆንም። ልብ ልንላት አልፈለግንም።

ቀኑ ጥር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ የጥምቀት ማግስት ነበር። የዚያ ሰሞን ሰማይ ሠርግ ነበረበት ቢባል ማጋነን አይደለም። በምዕራብ ቬነስና ሳተርን ጎን ለጎን፣ በምሥራቅ ቀይዋ ማርስ፣ በአናት ላይ ጁፒተር! ግቢው ሞላ። የእኛም ልጆች፣ የጎረቤት የሶማሌ ልጆችም ተሰለፉ። ተራ የሚያስጠብቀው ያ የ15 ዓመት ልጅ ነበር። ታናናሾቹን በለስላሳ ሣጥን ላይ እያቆመ፣ «ቱቦውን አትንኩ፣ ዓይን ብቻ» እያለ በሁለቱም ቋንቋ ያስተናግዳል። ማምሻውን ቬነስን ስናሳይ ትንንሾቹ እንዲደርሱበት ክርኑን ወደ ግራ አጋደልነው። ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ ቴሌስኮፑን ወደ ጁፒተር አቀናነው። ከጁፒተር ጋር ጋሊሌዮ በ1610 እ.ኤ.አ. ያያቸው አራቱ ጨረቃዎች ይታያሉ፤ ሕፃናቱ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» እያሉ ሲቆጥሩ ደስ ይላል።

ልጁ ሁሉንም አስቀድሞ እርሱ መጨረሻ ቀረበ። ጎንበስ አለ። ክርኑ ከነሌንሱ ከአፎቱ ወጥቶ ሲሚንቶው ላይ አረፈ። የዓይን ሌንሱ መስታወት ከሁለት ተሰነጠቀ።

ማንም አልመታውም፤ ማንም አልሰደበውም። ዝም አልነው። ከመካከላችን አንዱ ብቻ «እጅህን ምን ነካው?» አለው። እርሱም እጁን አየ። ከዚያ ማታ ወዲህ ወደ ጓሮው አልመጣም፤ በየካቲት ደግሞ ያቺ መስመር ወጣች። ፋሲካ ካለፈ በኋላ አጎቱ ወደሚሠራበት ወደ በርበራ ሄደ። የሄደው በእኛ ምክንያት ነው አንልም፤ ሥራ ፍለጋ የሄደ ብዙ አለ። ሲሄድ ግን ሊሰናበተን አልመጣም።

በግንቦት ከመካከላችን የአንዱ ዘመድ ከአዲስ አበባ በወጃሌ በኩል ሌላ ባለ 25 ሚሊሜትር የዓይን ሌንስ ላከልን። መምህራችን ግን «የመጀመሪያው ለምን እንደ ወደቀ ሳይታወቅ ሁለተኛው አይሰካም» አሉ። እኛ መልስ ነበረን፤ ልጁ ነክቶት ነዋ! አንዱም «ብርዱ ነው፤ ቀን የጋለ ብረት ማታ ሲቀዘቅዝ ይላላል» አለ። መምህራችን ወረቀት አወጡ። አሉሚኒየም በአንድ ዲግሪ ለውጥ ከርዝመቱ ከመቶ ሺህ 2.3 እጅ ያህል ይሰበሰባል ወይም ይለጠጣል። በ32 ሚሊሜትር ስፋት ላይ የ15 ዲግሪ ለውጥ ቢመጣ 0.011 ሚሊሜትር ነው፤ ከጠጉር የቀጠነ። ብርዱ በነፃ ተለቀቀ።

ከዚያም መምህራችን የሚስታቸውን የጥፍር ቀለም ተበድረው መጡ። ከብሎኗ ራስ እስከ ቀለበቱ ድረስ አንድ ነጭ መስመር ሳቡ፤ ብሎኗ ብትዞር መስመሩ ይሰበራል ማለት ነው። ከሥር ፍራሽ አነጠፉ። በክርኑ ላይ አዲሱን ሳይሆን የተሰነጠቀውን ሌንስ ሰኩ፤ ክብደቱ ያው ነውና። ቴሌስኮፑን ወደ አናት አቀኑና «ተሰለፉ» አሉን። ጎልማሶች ሁሉ እንደዚያ ማታዎቹ ልጆች ተሰልፈን፣ በተሰነጠቀ ሌንስ ባዶ ሰማይ እየተመለከትን ተራ በተራ አለፍን። ከአምስት ሰው በኋላ የጥፍር ቀለሙ መስመር ተሰብሮ ነበር። ከሃያ ሰው በኋላ ብሎኗ ግማሽ ዙር ተመልሳለች። ሃያ ስድስተኛው ጎንበስ ሲል ክርኑ ወጥቶ ፍራሹ ላይ ወደቀ። ሃያ ስድስተኛው ያቺን መስመር በካርቦን ወረቀት ላይ የጻፈው የእኛው ሰው ነበር። እርሱም እጁን አየ።

ቀለበቱን ይዘን ወደ ቶርኖ ቤት ሄድን። ባለሙያው የሐርጌሳ ሰው ነው፤ እኛ «አዴር» እንለዋለን፣ አጎቴ እንደ ማለት። አማርኛ ይችላል። በ1988 እ.ኤ.አ. ሐርጌሳ በአውሮፕላንና በመድፍ ስትፈርስ በመቶ ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ድንበር ተሻግሮ ወደ ኢትዮጵያ ሲሰደድ እርሱ የአሥር ዓመት ልጅ ነበር። ጂጂጋ አጠገብ በነበረው በሐርቲሼክ መጠለያ አደገ። በዘመኑ ከዓለም ታላላቅ መጠለያዎች አንዱ የነበረው ሐርቲሼክ በ2004 እ.ኤ.አ. ተዘግቷል። ከዚያ ያመጣው አማርኛ የገበያ አማርኛ ነው፤ ለብረት ሥራ ግን ከበቂ በላይ ነው።

አዴር ቀለበቱን በካሊፐር ለካ። የክርኑ አንገት 31.7፣ የአፎቱ ስፋት 32.3 ሚሊሜትር። «ስድስት አሥረኛ» አለ። «ይኼ አፎት አይደለም፣ ቤት ነው፤ ውስጡ ይንሸራሸራል።» ከዚያም ብሎኗን ወደ ብርሃን አንሥቶ አየና እስከ ዛሬ የምንደጋግመውን ነገር ነገረን። «አንድ ብሎን አይዝም፤ ይገፋል።» አብራራልን። ብሎኗ አንገቱን ከአንድ ወገን ስትገፋው ከወዲያኛው ግድግዳ ጋር የሚገናኘው በአንዲት ቀጭን መስመር ብቻ ነው። በዚያች መስመር ላይ ደግሞ እንደ ሚዛን ወዲያ ወዲህ ይወዛወዛል። አንድ ሰው ዓይኑን ባስጠጋ ቁጥር፣ የቅንድቡ ክብደት እንኳ ቢሆን፣ አንድ ጊዜ ይወዛወዛል። በተወዛወዘ ቁጥር ጥርሷ ያለቀው ብሎን ጥቂት ትመለሳለች። ሃያ ስድስት ቅንድብ ይበቃታል።

አንድ ነገር ግን ቀረን። ቬነስን ባየንበት ጊዜ ለምን አልወደቀም? ይህን የፈታው መምህራችን ናቸው፤ መልሱም የአገሩ ነው። ቴሌስኮፑ ወደ አድማስ ሲያይ የክርኑ አንገት በአፎቱ ውስጥ ተጋድሞ ያርፋል፤ ብሎኗ ባትኖርም ቶሎ አይወጣም። ወደ አናት ሲያይ ግን ጀርባው ወደ መሬት ይዞራል፤ ያን ጊዜ ክብደቱ በሙሉ ከአፎቱ ወደ ታች ይጎትታል፣ የሚከለክለውም ብሎኗ ብቻ ናት። ሐርጌሳ ከምድር ወገብ የምትርቀው 9.5 ዲግሪ ገደማ ስለ ሆነ ፕላኔቶች በአናታችን ላይ ያልፋሉ። በዚያ ምሽት ጁፒተር 78 ዲግሪ ያህል ከፍ ብሎ ነበር። ለንደን ላይ ያለ ሰው በዚያው ማታ ከ60 ዲግሪ ገደማ በላይ አያየውም። በእነርሱ ዘንድ ዓመት የሚያገለግል ደካማ ብሎን በእኛ ዘንድ አንድ ማታ አይሞላም። ክርኑን ወደ ግራ ማጋደላችንም ሌላ ጥፋት ነው። ከኋላ ለሚያየው ሰው ቀለበቱ የሚጠብቀው ወደ ቀኝ ሲዞር ነው፤ በግራ በኩል የተንጠለጠለ ክብደት ቀለበቱን ራሱን እንደሚፈታ እጅ ሆኖ ይጎትተዋል። ወደ ቀኝ ቢያጋድሉት ግን ይብስ ያጠብቀዋል። ሕፃናቱ ከቀኝ በኩል ቢቆሙ ኖሮ ምን ይጎድልባቸው ነበር? ሣጥኑን ወዲያ ማዞር ብቻ ነበር የሚያስፈልገው።

አዲስ ቀለበት እንዲሠራልን ተስማማን። አዴር የጥርሱን ልክ ጠየቀን። እኛ ደግሞ የሚያውቅ ሰው መስለን ለመታየት ቸኮልንና በትምህርት ቤት ማስመሪያ አምስት ጥርስ ለክተን «5 ሚሊሜትር ነው፣ ስለዚህ አንዱ 1 ሚሊሜትር» አልነው። እርሱም አምኖን ቆረጠ። ቀለበቱን ስንገጥመው ሁለት ዙር ተኩል ሄደና ነከሰ። በጣም ጠበቀ! እኛ እልል ልንል ምንም አልቀረን። አዴር ፈትቶ አወጣውና ራሱን ነቀነቀ። «ሲነክስና ሲጠብቅ አንድ አይደለም» አለ። የጥርስ መለኪያውን አምጥቶ አስጠጋው፤ በኢንች 24። ይህም ማለት ከጥርስ እስከ ጥርስ 1.058 ሚሊሜትር ነው። እኛ የጣልናት 0.058 በየጥርሱ እየተጠራቀመች ሦስተኛው ዙር ሳይሞላ ጥርስ ከጥርስ አጋጨች። ቀለበቱ ከኋላው ድንበር ጋር ሳይገናኝ መንገድ ላይ ነክሶ ቀርቷል ማለት ነው፤ እንዲያ ተነክሶ ቢሠራበት ኖሮ ጠማማ ሆኖ ይቆም፣ የቴሌስኮፑንም ጥርስ ይበላ ነበር። የአምስቱ ጥርስ እውነተኛ ልክ 5.3 ነበር። ሦስቷን አሥረኛ በማስመሪያው ላይ አይተናታል፤ ለአጻጻፍ ስለማትመች ጣልናት።

ሁለተኛውን ሊቆርጥ የቶርኖውን ማርሽ ሲቀይር አዴር ስለ ልጁ ጠየቀን። ነገርነው። ሥራውን ሳያቆም እንዲህ አለ። በሐርቲሼክ ውኃ በቦቴ ነበር የሚመጣው። አንድ ቀን የቱቦው አፍ ከቦቴው ተላቆ ውኃው በሙሉ አሸዋ ላይ ፈሰሰ። ጥርሳቸው የማይመጣጠን ሁለት ብረት በጨርቅ አስረው ነበር። «ቱቦውን የያዝኩት እኔ ነበርኩ። የመቱኝም እኔን ነው» አለና መኪናውን አስነሣ። እኛም የምንለው አልነበረንም፤ የቶርኖው ድምፅም ትልቅ ነው።

አዲሱ ቀለበት እንዲህ ነው። በአንድ በኩል በኢንች 24 ጥርስ ሆኖ እስከ ድንበሩ ድረስ ይሄዳል፤ በእጅ ተጠምዞ በእጅ ይቆማል፣ ፒንሳ አይነካውም። በሌላው በኩል አፎቱ 31.8 ሚሊሜትር ነው፤ ለአንገቱ የቀረው አየር አንድ አሥረኛ ብቻ ነው። ጥልቀቱም ከቀድሞው ይበልጣል፤ አንገቱ በረዘመ መጠን መወዛወዝ ያንሳልና። በዙሪያው አንዷ ከሌላዋ 120 ዲግሪ የራቁ ሦስት ብሎኖች አሉ። ብሎኖቹ አንገቱን ራሱን አይነኩም፤ በአፎቱ ውስጥ በተቆረጠ ቦይ አንድ ወገኗ የተሰነጠቀች ስስ የነሐስ ቀለበት ተቀምጣለች፣ እርሷን ይጫኗታል፤ እርሷም አንገቱን ዙሪያውን ታቅፋለች። እንደ ብሎን ጫፍ አትቧጭርም፣ አትወጋም። ዋጋውን አዴር ሙሉውን ተቀበለን፤ ለመጀመሪያው ግን አላስከፈለንም፣ ጥፋቱ የእኛ ሆኖ ሳለ። ልንከራከረው ብንሞክር የሻይ ብርጭቆ አስያዘን።

ብሎን የሚያስቸግረው የእኛን ብጤ ብቻ አይደለም። በግንቦት 2001 ዓ.ም. ጠፈርተኞች የሃብልን ቴሌስኮፕ ሊጠግኑ በወጡ ጊዜ፣ ከመስተዋቱ ጀርባ የተቀመጠን አንድ መሣሪያ ለመክፈት መጀመሪያ በላዩ ያለውን የእጅ መያዣ ማንሣት ነበረባቸው። ከብሎኖቹ አንዷ ራሷ ተበልቶ እንቢ አለች። ስንት ዓመት የሠለጠነው ማይክ ማሲሚኖ በመጨረሻ መያዣውን በጡንቻው ገንጥሎ አነሣው። ይህን ስናነብ፣ እውነቱን እንናገር፣ ትንሽ ተጽናናን።

አሁን በጓሯችን ሥርዓት አለ። ከመመልከታችን በፊት ቀለበቱ እስከ ድንበሩ መድረሱ ይታያል፤ ክርኑ ወደ ቀኝ ያጋድላል፤ ሦስቱ ብሎኖች አንዷን ጨርሶ ሳይሆን ጥቂት ጥቂት እየተዟዟረ ይጠበቃሉ። ከዚያም አንድ እጅ ከሥር ተዘርግቶ በሌላው እጅ ክርኑ ወደ ታች ሳብ ይደረጋል። ካልመጣ ሕዝቡ ይቀርባል። በየአሥር ሰው ደግሞ እንደገና ሳብ ይደረጋል። ስልኩን በሌንሱ ላይ አስሮ ፎቶ ሊያነሣ የሚፈልግ ወጣት አይጠፋም፤ ከክርኑ ጫፍ ላይ የሚጨመር ክብደት ሁሉ እንደ ዘንግ ስለሚጎትት ያን ከልክለናል፤ በእጁ ይዞ ያንሣ። ከሁሉ በላይ ግን አንድ ነገር በጀርባ በኩል ፈጽሞ አይገጠምም፤ እርሱም በዓይን ሌንስ ላይ የምትጠመዘዝ ትንሿ የፀሐይ ማጥቆሪያ መስታወት ናት። መስተዋቱ የሰበሰበው ሙቀት በሙሉ በእርሷ ላይ ያርፋልና በድንገት ልትፈነዳ፣ ዓይንም ልታጠፋ ትችላለች። የፀሐይ መከላከያ ቦታው ፊት ለፊት፣ የቴሌስኮፑን አፍ በሙሉ ሸፍኖ ነው። ይህን የምንለው ሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም. የፀሐይ ግርዶሽ ስለሚኖር ነው። በግብፅና በየመን በኩል አልፎ በሰሜን ምሥራቅ ሶማሊያ ጫፍ ሙሉ ሆኖ ይታያል፤ ለእኛ በከፊል ነው። ካሁኑ ይታሰብበት።

አዲሱ ቀለበት የተፈተነው ጳጉሜን 2 ቀን 2017 ዓ.ም. ማታ፣ ጨረቃ ሙሉ በሙሉ በተጋረደችበት ሌሊት ነው። ከምሽቱ 2 ሰዓት ከ30 ጀምሮ እስከ 3 ሰዓት ከ52 ድረስ፣ 82 ደቂቃ ሙሉ፣ እንደ አሮጌ መዳብ ቀልታ ቆየች። ከመስጊዶቹ የግርዶሹ ሰላት ጥሪ ይሰማ ነበር። ሰላቱ ሲያበቃ ጎረቤቶቻችን ከነልጆቻቸው መጡ፤ አዴርም ሦስት ልጆቹን አስከትሎ መጣ። በ50 እጥፍ ጨረቃዋ ሙሉዋን በሌንሱ ውስጥ ትገባለች። ተራ የሚያስጠብቅ ሰው ስላልነበረን ግርግሩ ልክ አልነበረውም፤ አንድ አዛውንት ሦስት ጊዜ ሲሰለፉ ያየ እንጂ የከለከለ የለም። መቶ አሥራ አራት ሰው ቆጠርን። አዴር ራሱ ከማየቱ በፊት ክርኑን ሁለት ጊዜ ወደ ታች ሳበው።

ለልጁ በማግሥቱ ስልክ ደወልንለትና ነገሩን ነገርነው። «ኧረ ምንም አይደል፣ ረስቼዋለሁ» አለን። በዚያው ንግግር ግን «እኔ እኮ አልነካሁትም ነበር» ሲል ሁለት ጊዜ ተናገረ። በጽሑፍ የወጣ ነገር የሚታረመው በጽሑፍ ነውና ይህች ገጽ እንደዚያችኛው ሁሉ በካርቦን ተገልብጣ በየቤቱ ትዞራለች። «ጁፒተር» እያላችሁ የምትጠሩት ልጆች፣ ስሙን ታውቃላችሁ፤ ሲመጣ በስሙ ጥሩት።

አንዷ ቅጂ ነገ ጠዋት ወደ በርበራ ከሚወርድ ሹፌር ጋር ትሄዳለች። ውስጧ አሮጌዋን ብሎን ጠቅልለናታል። የጥፍር ቀለሙ በራሷ ላይ እስካሁን አልለቀቀም።